የሰገነት ቢጫ አልማዝ

ቡታጅራ ገበያ ቅቤ ገዝቶ ልቡ ያልረጋ ሰው መጨረሻው ሸዋዬ ፊት ነው። በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ ይዞላት ይመጣል፤ እሷም ኮባውን ገለጥ ታደርግና በትንሿ ጣቷ ጨለፍ አድርጋ የእጇን ጀርባ ትቀባለች። ታሸዋለች፣ ታሸትታለች፣ ጥቂትም ምላሷ ጫፍ ላይ ታደርጋለች፤ ከዚያ ፊቷን ሳትቀይር ትፈርዳለች። “ሙዝ ገብቶበታል” ካለች ገብቶበታል፤ አለቀ። ሻጯ በልጇ ስም ብትምል የሚሰማት የለም። የቡታጅራ ገበያ በዋጋ አይስማማም፣ በሚዛን አይስማማም፣ በፖለቲካማ ከናካቴው አይስማማም፤ በሸዋዬ አፍንጫ ግን ተስማምቶ ይኖራል።

ይህን እምነት በነፃ አላገኘችውም። አባቷ የሞተው ገና ትምህርት ቤት ሳለች ነው። ደብተሯን አስቀምጣ ከእናቷ ከብርቄ ጋር ቅቤ ተሸክማ ገበያ ወረደች፤ ያኔ የወረደች እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ታናሽ እህቷ ሰገነት ያን ጊዜ ጡት አልጣለችም ነበር። ጡት ስትጥል ደግሞ የያዘችው የሸዋዬን ቀሚስ ነው። የመጀመሪያ ጫማዋን የገዛችላት ሸዋዬ፣ ፀጉሯን የሠራችላት ሸዋዬ፣ ሲያተኩሳት አዝላት ጤና ጣቢያ ያደረችው ሸዋዬ። አሁን ሸዋዬ ሁሉ የሞላላት ሴት ናት። ባሏ በኃይሉ እጁ የሚሠራ አናጢ ነው፣ ልጆቿ ደህና ናቸው፣ ሱቋ የራሷ ነው። ምን ቀረሽ ቢሏት “ምንም” ትላለች።

ውሸቷን ነው። አንድ ነገር ቀርቶባታል፤ እሱም የእናቷ ዓይን ነው። ብርቄ ሸዋዬን ታመሰግናታለች፤ ሰገነትን ግን ታያታለች። ሸዋዬ ሥጋውን፣ ቅቤውን፣ ዱቄቱን ተሸክማ ስትደርስ “እዚያ ጋ አስቀምጪው ልጄ፣ ተባረኪ” ትባላለች፤ ሰገነት ባዶ እጇን ስትመጣ “መጣሽልኝ!” ተብሎ ከመደቡ ይነሳላታል። ሸዋዬ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እንዲህ ያለውን ነገር የልጆች እናት የሆነ ሰው እንዴት ብሎ ይናገረዋል? ግን እንደ እሾህ ውስጧ ተሰክቶ ስንት ዘመን አብሯት ኖረ።

ሰገነት ዱባይ ሄዳ በሰው ቤት ሠርታ ተመለሰችና ወልቂጤ ላይ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት ተከራየች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ቤትም አልሠራች። አብረዋት የሄዱት ፎቅ ሲጀምሩ፣ ሚኒባስ ሲገዙ እሷ የመጣችው በአንድ ሻንጣ ነው። አገሩ ከንፈሩን መጠጠላት። እውነቱ ይነገር ከተባለ ሸዋዬም መጥጣለች፤ ግን ከንፈሯ ላይ ትንሽ ጣፈጣት።

በዚህ መሐል ብርቄ ክረምቱን ጓሮ አዳልጧት ወደቀች። ወገቧ ተጎዳ፤ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ ባለው መንደሯ ብቻዋን መኖሩ አከተመ። ልጆቿ ሁለቱም ባሉበት “መስቀልን ቤቴ ልዋልና ከዚያ ወደ አንዳችሁ እገባለሁ” አለች። ወደ ማን እንደሆነ ግን አልተናገረችም። ሸዋዬ ምን መጠየቅ ያሻል አለችና ባሏን አስነሳችው። በኃይሉ ከሳሎኑ አጠገብ አንድ ክፍል ጨመረ፤ ወለሉን ጣውላ አለበሰው፣ መስኮቱን ጠዋት ፀሐይ በሚገባበት በኩል አደረገው። የወገብ በሽተኛ ሳይቸገር እንዲነሳበት ብሎ አልጋውንም ዝቅ አድርጎ ሠራው። ሸዋዬ ክፍሉን እየገባች ታይና በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ትወጣለች። እናቷ በመጨረሻ የእሷ ልትሆን ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ እሑድ ሁለቱም እናታቸው ቤት ተገናኙ። ምሳ ከበሉ በኋላ ሰገነት ከደረቷ ውስጥ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አውጥታ እናቷ መዳፍ ላይ ገለበጠችው። ከሽንብራ ፍሬ የምታንስ ቢጫ ድንጋይ ዱብ አለች። ብርቄ ወደ በሩ ብርሃን አዞረቻት።

“ኧረ ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው?”

“አልማዝ ነው እማዬ። ባለቀለም አልማዝ። ነጩ ብዙ ነው፤ ቢጫው ግን ጥቂት ነው። ሮዙና ሰማያዊውማ ጭራሽ ብርቅ ነው። ማዳሜ የዚህ ነገር ነጋዴ ነበረች፤ ከደመወዜ እየቆረጠች ነው የሸጠችልኝ። ወረቀትም አለው።”

“በዚያ ሁሉ ልፋትሽ ድንጋይ ገዝተሽ መጣሽ?” አለች ሸዋዬ።

“እትዬ፣ ምን ልግዛበት? ቤት ልሥራ ብል መሬቱ ሊዝ ነው፣ ብሎኬቱ ሲሚንቶው አይቀመስም። ባንክ ባስቀምጠው ብሩ በተኛበት ይረክሳል። ወርቅ አንገቴ ላይ ባስር የሌባ ዓይን ነው። ይኼ በእጅ የሚጨበጥ ሀብት ነው። አይዝግም፣ አይሻግትም፣ አይቀልጥም።”

“እንደ ቅቤ አይቀልጥም ማለትሽ ነው?”

“ኧረ እትዬ፣ እኔ እንደሱ አልወጣኝም!” ሰገነት ሳቀችና ወደ እናቷ ዞረች። “ዛሬ አልሸጠውም፤ ሲቆይ ነው የሚያዋጣው። ጊዜው ሲደርስ ግን እማዬ፣ ወልቂጤ ላይ የራሷ በር ያላት ቤት እሠራልሻለሁ።”

ብርቄ ድንጋይዋን ከዓይኗ ማራቅ አቃታት። “ቀለሟን እዩት እስቲ! የክረምት ሣር የጋጠች ላም ቅቤ አይደለም እንዴ የምትመስለው?” አለች። ያን ቅቤ ዕድሜ ልኳን ተሸክማ ስታመጣ የኖረችው ሸዋዬ ናት፤ ቀለሙ አምሯል ያላት ግን አልነበረም። ብርቄ ድንጋይዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻትና “ትንሽ እኔ ጋ ትቆይ፣ አብሬያት ልዋል” አለች። ሰገነትም ፈቀደች።

ቅናት ሲጀምር ስሙን አይናገርም፤ ሸዋዬ ዘንድም የመጣው አሳቢ መስሎ ነው። ምስኪን እህቴን አታልለዋታል አለች። ሥራዋ ደግሞ ይህን እንድታምን አደረጋት። ቅቤ የሚያጭበረብር ሰው መጀመሪያ የሚያሳምረው ቀለሙን ነው፤ እርድ ጣል ያደርግበታል፣ የካሮት ውኃ ያጠጣዋል። ከመጠን በላይ የበጨ ቅቤ እጅ የገባበት ነው። ሸዋዬ በዚህ ሚዛን አልማዙን መዘነችው፤ እንዲህ የሚበጭ ነገር ጤነኛ ሊሆን አይችልም።

“መስታወት ነው” አለችው ለባሏ።

“አንቺ ደግሞ ስለ አልማዝ ምን ታውቂያለሽ?” አለ በኃይሉ መላጊያውን ሳያስቀምጥ።

“ስለ አልማዝ አላውቅም። ስለ ማጭበርበር ግን አውቃለሁ።”

በኃይሉ ቀና ብሎ አያትና መላጉን ቀጠለ። ከሸዋዬ ጋር የኖረ ሰው መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል።

ነገሩ ከሆዷ አልወጣ አላት። ገበያ ቁጭ ብላ ሰው የሚነግራትን ግማሹን አትሰማም። የምታየው የራሷ በር ያላትን ቤት ነው፤ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ፀሐይ የምትሞቅ እናቷን ነው፣ ወልቂጤ ላይ። መንደር ስትሄድ ደግሞ ብርቄ ነጠላዋን ፈትታ ለጎረቤት ድንጋይዋን እያሳየች ትደርስባታለች። “የሰገነት ናት! ዱባይ ለፍታ ያመጣቻት ናት!” ሸዋዬ ያመጣችው ዘይት በዚያን ጊዜ በሩ ሥር ተቀምጧል። ማንም አላነሳውም።

በመጨረሻ አልቻለችም። ሰገነት ለዘመን መለወጫ ስትመጣ እናታቸው ፊት አወጣችው። “እህቴ፣ አትቀየሚኝ። እኔ ይኼን ድንጋይ አላመንኩትም።”

ሰገነት ትቆጣለች ብላ ጠብቃ ነበር። ሰገነት ግን አቀረቀረች። “እኔም አንዳንዴ ይጠረጥረኛል” አለች። “ማዳም ስትሰጠኝ ስቃ ነበር። ለምን ሳቀች እያልኩ ስንቴ አሰብኩ መሰለሽ። እትዬ፣ ለመስቀል ቅቤ ይዘሽ አዲስ አበባ ትወርጂ የለ? ውሰጂና አስመርምሪልኝ። ወረቀቱም ይኸው። አንቺ አረጋግጠሽ ከነገርሽኝ ሌላ ምስክር አልሻም።”

እንዲህ ብላ አመነቻት፤ በዚያን ሰዓት ሸዋዬ አልማዙ መስታወት እንዲሆንላት እመቤቴ ማርያምን ስትለምን ነበር።

የመስቀል ሰሞን ቅቤ ነጋዴ ቀና ብሎ ለመተንፈስ ጊዜ የለውም። ሸዋዬ ቅቤዋን ሾላ ገበያ አራግፋ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ሰው የጠቆማት አንድ ወርቅ ቤት ገባች። የቅቤው ሽታ ቀድሟት ገባና ወርቅ ልትለካ የመጣች አንዲት ሙሽራ አፍንጫዋን ያዘች። ባለቤቱ መነጽር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ድንጋይዋን ተቀብሎ ጠራረጋት፤ መርፌ ያለው ትንሽ መሣሪያ አስነካት፣ መሣሪያው ጢጥ አለ። ከዚያ በማጉያው ጠርዟን እያዞረ ሲያይ ቆየና ወረቀቱን ጠየቃት።

“ጠርዟ ላይ በዓይን የማይታይ ቁጥር ተቀርጿል። ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው” አለ። “አልማዝ ናት፣ የኔ እመቤት። ቢጫነቷም የተፈጥሮ ነው ይላል ወረቀቱ። የማን ናት?”

“የእህቴ ናት።”

“እህትሽ ብልህ ናት። እዚህ አገር ቶሎ ገዥ ላታገኝላት ትችላለች፤ አትቸኩል፣ ታቆያት።”

ሸዋዬ አመስግና ወጣች። ጆሮዋ ውስጥ የቀረው የመጀመሪያው ነገር ብቻ ነው። እህትሽ ብልህ ናት። አንድ ሰው ደግሞ መጥቶ ሸዋዬ ብልህ ናት ብሎ ያውቃል? ጎበዝ ይሏታል፣ ጠንካራ ይሏታል፣ ለበሬም እንዲሁ ነው የሚባለው።

ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ድንጋይዋን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራታለች። ጥያን እስኪያልፉ ድረስ እውነቱን ልትናገር ነበር። “ደስ ይበልሽ፣ እውነተኛ ነው” ልትላት አስባ የሰገነትን ፊት በሐሳቧ አየችው፤ ከሰገነት አጠገብ ደግሞ የእናቷን ፊት አየች፣ እልል ሲል። ቡኢ ሲደርሱ ያ እልልታ ጆሮዋን እየበላት ነበር። እልልታው ሲያልቅ ብርቄ ጓዟን ይዛ ወልቂጤ ትሄዳለች፤ በኃይሉ የሠራው አልጋም የልብስ ማስቀመጫ ይሆናል። ቡታጅራ መናኸሪያ ስትወርድ ወስናለች።

በማግስቱ መንደር ሄደች። ሰገነት ለበዓሉ መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። ሸዋዬን ስታይ ጎመኑን ትታ ተነሳች።

“አይዞሽ እህቴ” አለች ሸዋዬ። “መስታወት ነው።”

ማንም “እስቲ ማይልኝ” ብሎ አላስማላትም። ሸዋዬ መስታወት ነው ካለች ነው፤ አለቀ።

“ወረቀቱስ?” አለች ብርቄ በቀጭን ድምፅ።

“እማዬ፣ በዚህ ዘመን ወረቀት ምን ይሠራል? የፈለገ ሰው የፈለገውን ያትማል።”

“አንድ ቦታ ብቻ ነው ያሳየሽው?” አለች ሰገነት።

“ሦስት ቤት አዞርኩት።” አንዱ ውሸት ሌላውን ጎትቶ ሲወጣ ለራሷም ገረማት።

“ገብቶኝ ነበር” አለች ሰገነት። “ለካ ለዚያ ነው የሳቀችው።” ሸዋዬ ድንጋይዋን ልትመልስላት ስታወጣ ሰገነት እጇን ሰበሰበች። “አላያትም። ለሌላም ሰው አላሳያትም፤ አንቺ የነገርሽኝን ሌላ ሰው ቢደግምልኝ ምን ይጠቅመኛል? ውሰጃት፣ ለልጆችሽ መጫወቻ ትሁን።” ከዚያ እንባዋ መጣ። ሸዋዬ ዓይኗን በጨው አጥባ አቅፋት አብራ አለቀሰች። የሚያናድደው እንባው እውነተኛ እንባ ነበር። የምታሳዝነውን እህት ሸዋዬ ከልቧ ትወዳት ነበር፤ ከቀሚሷ ሥር የነበረችው ያቺ ሰገነት ተመልሳ የመጣች መሰላት።

የዚያ ዓመት መስቀል ለሸዋዬ ጣፈጣት። ከእርዱ በፊት በሚውለው የጎመን ክትፎ ቀን ከሁሉም የተመረጠውን ቅቤ እሷ አቀለጠች፤ ጎረቤቱ ሁሉ እጇን አመሰገነ። በሬው በታረደ ዕለት የቤቱን ግርግር እሷ መራችው። ሰገነት የክትፎ ጣባዋን ይዛ ጥግ ተቀምጣ አንድ ሁለቴ ጎርሳ ታስቀምጠዋለች። ብርቄም ከራሷ ጣባ እያነሳች ታጎርሳት ነበር። ሸዋዬ አይታዋለች፤ ምን አለበት፣ ጥቂት ቀን ነው ብላ አለፈችው። ከበዓሉ በኋላ እናቷ የማን እንደሆነች ያውቅ የለ፣ ሁሉም።

በዓሉ አለፈ። የብርቄን ጓዝ ባጃጅ ላይ ጭነው ሦስቱም ቡታጅራ ወረዱ። ሰገነት ወደ ወልቂጤ ልትሳፈር ስለሆነ መጀመሪያ መናኸሪያ ይደርሳሉ፣ ከዚያ ሸዋዬ እናቷን ይዛ ወደ ቤት ትሄዳለች፤ በሸዋዬ ልብ ነገሩ እንዲህ ነው። በኃይሉ በሩን ከፍቶ እየጠበቀ ነው። መናኸሪያው ላይ ሰገነት የወልቂጤውን መኪና ተሳፈረች። ብርቄ ግን ከባጃጁ እየተደገፈች ወረደችና ለባለባጃጁ “ጓዙንም አውርድልኝ” አለችው።

“እማዬ፣ የእኛ ቤት በዚያ በኩል ነው እኮ!” አለች ሸዋዬ እየሳቀች።

ብርቄ እጇን ያዘችና ከመኪናው ራቅ አደረገቻት። “ስሚኝ ልጄ። እህትሽ እንዳትሰማ። እኔ ልቤ አንቺ ዘንድ ነበር። ወዴት ትገቢያለሽ ያለኝን ሁሉ፣ ሸዋዬ ዘንድ ነዋ፣ ሌላ የት አለኝ ስል ነው የከረምኩት። ጎረቤቶቼን ብትጠይቂ ይነግሩሻል። ያቺ ድንጋይ ደህና ብትሆን ኖሮ ደግሞ ምን አሳሰበኝ? ሰገነት ራሷን ችላለች፣ ሀብቷ በእጇ ነው ብዬ ትቻት እመጣ ነበር። አሁን ግን ምን አላት? ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ የለፋችበት ሁሉ መስታወት ሆኖ ቀረ። እህል እንኳ አልወርድ ብሏታል። አንቺ ጠንካራ ነሽ፤ ባልሽም ልጆችሽም አሉልሽ። እሷ እኔ ታስፈልጋታለሁ።”

የሸዋዬ እጅ ወደ መቀነቷ ሄደ። እናቷን ለማስቀረት አንድ ቃል ይበቃታል። ድንጋይዋ ያኔም መቀነቷ ውስጥ ናት፤ ፈትታ “እውነተኛ ናት” ብትል ብርቄ አሁኑኑ ዞራ ባጃጁ ላይ ትወጣለች። ግን ከዚያስ? ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ያቺ እናት በየጠዋቱ ምን እያለች ታያታለች? መኪናው ውስጥ ያለችው እህቷስ? ገበያውስ? ሸዋዬ እስከ ዛሬ ሐሰት የነካውን ቅቤ እንዴት እንደምታስጥል አሰበች፤ እጇንም ከመቀነቷ አነሳች።

ብርቄ ፊቷን አየቻትና ደነገጠች። “አጠፋሁ እንዴ ልጄ? ካዘንሽ ልተወው?”

“አላጠፋሽም እማዬ” አለች ሸዋዬ። “ደግ አደረግሽ። ሂጂ።”

ጓዙን ራሷ ተሸክማ ጫነች። የቅቤውን ቅል እንዳይደፋ ወንበር ሥር አስተካከለች። እናቷን ደግፋ አሳፈረችና የነጠላዋን ጫፍ በሩ እንዳይዘው ሰበሰበችላት። ብርቄ በመስኮቱ ስሟን እየጠራች መረቀቻት፤ ረጅም ምርቃት ነበር፣ ሸዋዬ በሕይወቷ ያን ያህል ተመርቃ አታውቅም።

መኪናው እስኪሞላ ጥቂት ቆየ። ሰገነት ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ብርቄ ግማሽ ነጠላዋን አልብሳት ጀርባዋን ታሻሻለች። ሸዋዬ ውጭ፣ መስኮቱ ሥር፣ አልማዟን ታጥቃ ቆማ አየቻቸው። ምነው የተታለልኩት እኔ በሆንኩ አለች።